የነኢማ ግራ ቁርጭምጭሚት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጄን ስታጠብ ባለቤቴ ዘህራ ከኋላዬ ቆማ ትስቃለች። ከሶላት በፊት ለሚደረገው ውዱእ እስከ ክርን መታጠብ በቂ ነው። እኔ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ነርስ ሆኜ፣ አብዛኛውን ዘመኔን ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ስለኖርኩ ጥፍሬን፣ የጣቶቼን መሐል፣ ክንዴን፣ ከዚያ እንደገና ጥፍሬን ሳልፈትግ አይሆንልኝም። «ሰውዬ፣ ልትሰግድ ነው ወይስ ልትቀድ?» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ውሃው ከክርኔ እየተንጠባጠበ እጆቼን ወደ ላይ አንሥቼ ጓንት የሚያለብሰኝን ሰው ስጠብቅ ራሴን አገኘዋለሁ። ማንም የለም። በመስኮቱ በኩል የጅማ ጉም ከዛፎቹ አናት ላይ ገና አልተነሣም።

ሌላው ሰው ስለ ሥራ ዘመኑ ሲያወራ የሰው ፊት ያነሣል። እኔ የማስታውሰው እግር ነው። ገበያ መሐል አንዱ አቅፎ ሰላም ሲለኝ ማን እንደሆነ ይጠፋብኛል፤ ተሰናብቶኝ ዞሮ ሲሄድ ግን በአረማመዱ አውቀዋለሁ። ይኼን ጊዜ ስሙን ጠርቼ ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ያፍራል ብዬ እተወዋለሁ። በእንቅልፌም የሚመጡብኝ እግሮች ናቸው፤ በረጅም በረንዳ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ይመጣሉ፣ አንዳንዱ ያነክሳል፣ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

የመጀመሪያ ምድቤ ሰኮሩ ነበር። ጤና ጣቢያዋ ከአውራ ጎዳናው ዳር ስለነበረች ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ድምፅ እንሰማለን። ኃላፊያችን ሲስተር አበበች ሪፖርት በወር ሦስት ጊዜ የምታስጽፍ፣ ፋሻውን ግን ለማንም ሳታምን በራሷ እጅ የምትጠቀልል ሴት ነበረች። እግሩ ወለም ያለው ሰው ሲመጣ በዚያ ፋሻ ጠምጥሜ «አይዞህ፣ ቀላል ነው» ብዬ እሸኘዋለሁ። በወሩ ያው ሰው ያንኑ እግር ይዞ ይመለሳል፤ እንደገና እጠመጥምለታለሁ። በሦስተኛው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቅቤ ይታሻል፤ ተመልሶ ስለማይመጣ እኔም ዳነ ብዬ እረሳዋለሁ። ስንቱን እግር እንደላላ እንደሰደድኩት የገባኝ ጅማ ተዛውሬ ከዶክተር መላኩ ጋር መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ዶክተር መላኩ የጎጃም ሰው ናቸው። የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆነው ጅማ ሲመጡ ሁለት ዓመት ሠርተው ሊመለሱ ነበር፤ ዝናቡ ያዛቸው መሰለኝ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቆዩ። እሳቸው በሽተኛን አልጋ ላይ አስተኝተው አይጀምሩም። ወደ በረንዳው ይወጡና ከበሩ ጀምሮ ሲመጣ ያዩታል። ከዚያ ጫማውን አስወልቀው ገልብጠው ሶሉን ይመለከታሉ፤ የውጪው ጠርዝ ብቻ አልቆ ከሆነ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሻይ ሰዓት ሰው ሲያወራ እሳቸው በጠረጴዛቸው መሳቢያ እጀታ ላይ ክር እየቋጠሩ ይለማመዳሉ፤ ያን መሳቢያ ያለ ክር አይቼው አላውቅም። ቀዶ ሕክምና ላይ ቋጠሮ ሊያጠብቁ ሲሉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኛም ሳናውቀው አብረን እንይዛለን፣ ክፍሉ ውስጥ ጣሪያውን ከሚመታው ዝናብ በቀር የሚሰማ ነገር አይኖርም።

ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ተማሪ መጥቶ «ዶክተር፣ ቁርጭምጭሚቴ ፌል አድርጓል፣ ቶሎ ይቅደዱልኝና ለውድድሩ ልድረስ» ያላቸው ቀን ትዝ ይለኛል። እሳቸው በአንድ እግሩ አቆሙት። እስከ ዐሥር ሳይቆጥር ወደቀ። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ በአንድ እግሩ እንዲቆም አዘዙት። ልጁ ተቆጥቶ ሄደ፣ በሦስተኛው ወር ግን ደረጃውን እየዘለለ መጣ። ያን ቀን ዶክተር መላኩ ደስ ብሏቸው ለሁላችንም ሻይ ጋበዙ፤ ሳይቀድዱ ያዳኑት እግር ከቀደዱት ይልቅ ያስደስታቸው ነበር።

ነኢማ የመጣችው በመጋቢት ነው። ከአጋሮ ወጣ ካለ ቀበሌ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች፤ ያላት ንብረት ቁልቁለት ላይ የተተከለ ቡና ብቻ ነው። የግራ እግሯ ከብዙ ዓመት በፊት ወለም ብሎ፣ ታሽቶ፣ ተጠምጥሞ፣ እንደገና ወለም እያለ የኖረ እግር ነው።

«ማሎ፣ እባክዎ ዶክተር፣ ሜዳ ላይ ደህና ነኝ» አለች በኦሮምኛ፤ እኔ እያስተረጎምኩ። «ቅርጫቱን ተሸክሜ ቁልቁል ስወርድ ግን ይታጠፋል። ከታጠፈ ቡናውም እኔም መሬት ነን።»

«ለምን እስከ ዛሬ ቆየች?» አሉ ዶክተር።

ጠየቅኋት። መሬት መሬት እያየች፣ የባሏ ወንድም አባ ዲጋ «እስኪሻልሽ ቁልቁለቱን እኔ ልያዝልሽ» እያሉ እንደሆነ ነገረችኝ። አባ ዲጋ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን «ልያዝልሽ» ተብሎ የተያዘ ቡና ሲመለስ ማንም አይቶ አያውቅም። ለመታከም መተኛት ማለት ለእሷ መሬቱን መልቀቅ ነበር። ይህን ስተረጉምላቸው ዶክተር መላኩ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

እሷንም መጀመሪያ በአንድ እግር አቆሟት። ሦስት ወር ታዘዘች፤ ቤቷ ውስጥ በታጠፈ የቡና ጆንያ ላይ ቆማ እየተለማመደች። ሜዳው ላይ ተሻላት፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም። ዶክተር በአንድ እጃቸው ቅልጥሟን ይዘው፣ በሌላው ተረከዟን ወደ ፊት ሲስቡ እግሯ ከቦታው ሸርተት ብሎ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። በሰኔ እንቅደድ ተባለ። ከዚያ እስከ ጥቅምት፣ ቡናው እስኪቀላ፣ ትድናለች ብለን አሰላን።

ያቺ ቀን እንዲህ ትታየኛለች። ከውጪ በኩል ካለው የቁርጭምጭሚት አጥንት ፊት ለፊት የጣት ርዝመት ያህል ተቀደደ። እዚያ ቆዳ ሥር የሚያልፍ አንድ ቀጭን ነርቭ አለ፤ እሱን ከነኩ የእግር ጀርባ ዕድሜ ልኩን ይደነዝዛል፣ ስለዚህ ዶክተር ፈልገው አግኝተው በቀስታ ወደ ጎን ያደርጉታል። ከሥሩ ጅማቱ ወጣ። ሳይበጠስ፣ እንደ አሮጌ ቀሚስ ላስቲክ ተልፈስፍሶ ነበር። ከአጥንቱ ሥር ቆርጠው አነሡት፣ የአጥንቱን ጠርዝ ደም እስኪያሳይ ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ ደም የሌለበት አጥንት ጅማት አይቀበልም። ከዚያ በትንንሽ ቀዳዳዎች ክር አሳልፈው ጅማቱን አሳጥረው ወደ ቦታው ጎተቱት። በመጨረሻም ላዩ ላይ ያለውን ጠንካራ ሽፋን አምጥተው ደረቡበት፤ ልብስ ሰፊ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ እንደሚሰፋው።

የእኔ ሥራ እግሩን መያዝ ነው። ተረከዟ መዳፌ ላይ ያርፋል፤ ጣቶቿ ወደ ላይ፣ መርገጫዋ ትንሽ ወደ ውጪ ዞሮ። ክሩ እስኪቋጠር ድረስ የፀጉር ያህል ወደ ውስጥ ከዞረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ዶክተር ትንፋሻቸውን ያዙ፣ እኔም ያዝኩ። ጀሶው እስኪደርቅ እንደያዝኳት ቆየሁ፤ ክንዴ ዝሎ የራሴ አልመስል ብሎኝ ነበር።

ዋርድ ውስጥ ነኢማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ሶላት ነበር። ጀሶ ላይ እንዴት ውዱእ ይደረጋል? በላዩ ማበስ በቂ መሆኑን፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ መስገድ እንደምትችል ነገርኳት። ደስ አላት፤ ቤቷ ስትገባ ከጎረቤት ወንበር ተውሳ ትሰግድ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ ስትመጣ ጀሶው ወልቆ የሚፈታና የሚታሰር ድጋፍ ተደረገላት። ዶክተር መላኩ «እስከ ስድስተኛው ሳምንት እግሯ ወደ ውስጥ እንዳይዞር በደንብ አስረዳት» አሉኝ። እኔም አስረዳኋት። አትውጪ፣ አትውረጂ፣ አትሸከሚ፣ ያለ ድጋፉ አትራመጂ አልኳት። «ለውዱእ ግን ፈትተሽ ታጥበሽ መልሰሽ እሰሪው» ብዬ ጨመርኩ። እኔ ካልነገርኳት ማን ይነግራታል ብዬ ኮራሁ፤ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ሐኪሞች ይህ መች ይታሰባቸዋል ብዬ።

በጥቅምት፣ ቡና መልቀም በጀመረች በመጀመሪያው ቀን ወደቀች።

በክራንች ስትመጣ ዶክተር መላኩ በረንዳው ላይ ቆመው አዩዋት። አስተኝተው ተረከዟን ሳቡት። እግሯ እንደ ድሮው ሸርተት አለ።

«በስድስቱ ሳምንት ውስጥ ወድቀሻል?» ጠየቅኋት።

«ወላሂ አልወደቅኩም።»

«ተሸክመሻል? ቁልቁለቱን ወርደሻል?»

«ወላሂ ከግቢ አልወጣሁም፣ ኦቦ ሲራጅ። ልጆቼን ጠይቋቸው። ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ።» ከዚያ አለቀሰች፤ አባ ዲጋ ባለፈው ጁምዓ መጥተው፣ ቡናው ዛፉ ላይ ደርቆ ከሚቀር ለእኔ ስጪኝ ብለዋት ነበር።

ዶክተር መላኩ የነኢማን ካርድ ይዘው ብዙ ደቂቃ ተቀመጡ። የጻፉትን በኋላ አየሁት፤ ጥፋቱን በራሳቸው ቋጠሮ ላይ ነበር ያሳረፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቁርጭምጭሚት ጅማት ቀዶ ሕክምና የሚፈልጉ በሽተኞችን «ቆዩ» እያሉ መመለስ ያዙ። መሳቢያው ላይ ያለውን ክር በሙሉ በመቀስ ቆርጠው ጥለውታል።

በዚያው ሰሞን ቤቴ መግሪብ ስሰግድ ነው የመጣልኝ። ፀሐይ ገብታ ክፍሉ ደብዝዟል፣ ከውጪ የእንቁራሪት ድምፅ ይሰማል። ለተሸሁድ ተቀምጫለሁ፤ ሁላችንም እንደምንቀመጠው፣ ግራ እግሬን አንጥፌ በላዩ። የግራ ቁርጭምጭሚቴ ከውጪ በኩል ሳብ ሲያደርገኝ ተሰማኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየቀኑ ሲስበኝ የኖረ ነው፤ ተሰምቶኝ ግን አያውቅም። እግሬ ወደ ታች ተዘርግቶ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ የሰውነቴ ክብደት በላዩ ላይ ነው። በጥበብ አስልተን እንዳይዞር የከለከልነው መዞር ይኸው ነበር። ድጋፉን ፈትታ ትታጠባለች፣ ጀሶው ስለወለቀ ወንበሩን ትታ መሬት ላይ ትሰግዳለች፣ ታጥፋ ትቀመጥበታለች፣ ከዚያ መልሳ በጥንቃቄ ታስረዋለች። በየቀኑ፣ አምስት ጊዜ። እንድትፈታው ደግሞ የነገርኳት እኔ ነኝ። ምን እንዳልኩ ሳላውቅ አሰላምቼ ጨረስኩ፤ ዘህራ ፊቴን አይታ ውሃ አመጣችልኝ።

የማፍርበትን እዚህ ልናገር። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ዶክተር መላኩ ራሳቸውን ሲወቅሱ እያየሁ፣ ጥርስ በሌለው አፍ እንደሚያኝክ ሽማግሌ ነገሩን ወዲህ ወዲያ ሳገላብጥ ከረምኩ። እሳቸው የውጪ ሰው ናቸው፣ አያውቁም፤ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ጅማ ተወልጄ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እኩል እየተናገርኩ፣ ከነኢማ ጋር ወደ አንድ ቂብላ እየሰገድኩ አላሰብኩትም። ጠዋት ከቤት ስወጣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ ማታ ሳልነግራቸው እመለሳለሁ።

በመጨረሻ የጀሶ ክፍሉን በር ዘግቼ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«አሳየኝ» አሉ።

ጋዎኔን አውልቄ ሲሚንቶው ላይ እንደ ሶላት ተቀመጥኩ። ዶክተር መላኩ አጠገቤ ተንበርክከው ሁለት ጣታቸውን ከቁርጭምጭሚቴ ሥር፣ የነኢማን ጅማት የሰፉበት ቦታ ላይ አደረጉ። ትንፋሻቸውን ያዙ።

«በቀን ስንቴ ነው?»

«አምስት ሶላት፣ በየሶላቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ።»

ጣታቸውን ሳያነሡ ቆዩ። «ከዐሥር ዓመት በላይ ስትሰግዱ አይቻለሁ» አሉ። «እግራችሁን አላየሁም።» ከዚያ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ካርዱ ላይ አርመዋለሁ። ለእሷ ግን አንተ ንገራት፣ ሲራጅ። እኔ አልነግርልህም።»

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ አጋሮ ሄድኩ፤ ከዚያ በሞተር ሳይክል፣ ከዚያ በእግር። ቡናው ቁልቁለቱ ላይ በጉም ውስጥ ቀልቶ ቆሟል። ነኢማ ደጃፏ ላይ ክራንቿን ተደግፋ ተቀምጣ ወደዚያው ታያለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ምንም ሳላስቀር።

ክራንቿን ከጎኗ አጋደመች።

«ወንበሩን ለጎረቤት መለስኩት እኮ» አለች። «ጀሶው ሲወልቅ አልሐምዱሊላህ ብዬ፣ ምስጋናም አቅርቤ መለስኩት። አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ አልመልሰውም ነበር።»

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«እኔ አውፍ ልልዎት እችላለሁ፣ ኦቦ ሲራጅ። ቡናው ግን አይጠብቅም።»

ቤቴ ተመልሼ ለዘህራ ስነግራት «እና አንተ ያጠፋኸውን እኔ ልልቀም?» አለችኝ፤ ይህን እያለች ልብሷን በፌስታል ትከት ነበር። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሁለታችንም አጋሮ ወጣን። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ቀልጣፋ የሚባለው እጄ ቡና ላይ መሳቂያ ሆነ፤ አንድ ቅርጫት ሳልሞላ ዘህራ ሦስት ትሞላለች። የጎረቤት ሴቶች ከአጥር ማዶ «ዶክተሩ ቡናውን ይለቅማል ወይስ ይመረምራል?» እያሉ ተሳሳቁብን። በሦስተኛው ቀን ግን ከጅማ የመጣ እንግዳ ሲለቅም ማየት ከበዳቸው መሰለኝ፣ ደቦ ጠርተው ቅርጫታቸውን ይዘው መጡ። አባ ዲጋ ከላይ ከመንገዱ ቆመው አዩን። ሰላምታ ሰጡ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ሄዱ። ያን ዓመት ስለ ቁልቁለቱ አላነሡም።

ቡናው ተሰብስቦ ሲያልቅ፣ በጥር፣ ነኢማ እንደገና ተቀደደች። ሁለተኛ መቀደድ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የራሷ ጅማት ስላለቀ ዶክተር መላኩ ከጉልበቷ አጠገብ ቀጭን ጅማት ወስደው በአጥንቱ ውስጥ አሳልፈው አዲስ ሠሩላት። ሊቋጥሩ ሲሉ ቀና ብለው አዩኝ። ተረከዟን አጥብቄ ይዤ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጀሶ ክፍላችን ውስጥ አንድ ምንጣፍ ተነጠፈ። ማንም የቁርጭምጭሚት በሽተኛ ከመሄዱ በፊት ቤቱ እንዴት እንደሚሰግድ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት ቁጢጥ ብሎ ቡና እንደሚለቅም ምንጣፉ ላይ በደህና እግሩ ያሳየናል። ክርስቲያኑም ስግደቱን ያሳያል። አዳዲስ ሐኪሞች መጀመሪያ ይስቁ ነበር፣ ኋላ ለመዱት። ዶክተር መላኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተዛወሩ፤ አንዳንዴ ይደውላሉ፣ ምንጣፉ እንዳለ ይጠይቁኛል። እኔም ዕድሜዬ ሲደርስ ደብዳቤ ተሰጠኝ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ወጣሁ።

ባለፈው ኅዳር ነኢማ ለቡና ለቀማው በእንግድነት ጠራችን። ሄድን። ትልቋ ልጅ አድጋ ከእናቷ እኩል ትለቅማለች። እኔም ለወጉ ያህል ቅርጫት ይዤ ቁልቁለቱ ላይ ወጣሁ፤ ያለ ጊዜው ዝናብ ዘንቦ ኖሮ መሬቱ ሳሙና ሆኗል። ስንመለስ ነኢማ የሞላ ቅርጫት በጀርባዋ አዝላ ከፊቴ ትወርዳለች። የግራ እግሯን ሳይ ትንሽ ገትሯል፤ እንደ ልብ አይታጠፍላትም፣ ዛሬም የምትሰግደው ወንበር ላይ ነው።

«ኦቦ ሲራጅ፣ ይኼን ይያዙ፣ ያንሸራትታል» ብላ የበትሯን ጫፍ ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። ጥቂት እንደሄድን ሁለት እግሬ በአንድ ጊዜ ከሥሬ ወጣ፤ በአጠገቧ ወደ ታች ተንሸራትቼ በበትሩ ላይ ተንጠለጠልኩ፣ ክብደቴን በሙሉ ጣልኩባት። ነኢማ ከነቅርጫቷ ዞር ብላ ግራ እግሯን ጭቃው ላይ ተከለች። ወረድ ብዬ ወድቄ ስለነበር ቁርጭምጭሚቷ ከዓይኔ ፊት ነው። አልተንቀሳቀሰም።

«ቀስ ብለው ይነሡ» አለችኝ። «አይቸኩሉ፣ ይዤዎታለሁ።»